ጠያቂው፣ ቃል ፈቺው፣ ምንባብ መራጩ

የቡድን ሥራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ወግ አለ፤ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌላው ስሙን ያስጽፋል። በልቦለድ ውይይት ላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ ድርሻ መስጠት ይህን ወግ ስለሚያፈርስልኝ አመሰግነዋለሁ።

ልጆቹ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዘው ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ ጠያቂ ነው፤ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የማይታለፍ ጥያቄ ይዞ መምጣት አለበት። «የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡ የማንን ዕዳ ማን እየከፈለ ነው?» ቢል ክቡ ይሟሟቃል። ምንባብ መራጯ ጉዱ ካሣ የሚናገርበትን ገጽ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የመረጠችበትንም ምክንያት ትናገራለች። ቃል ፈቺው ደግሞ በጎጃም አነጋገር የተቸገረበትን ይዞ አያቱን ሲጠይቅ አምሽቷል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የእሱ ድርሻ ነው፤ ዝምተኛ ልጅ እንኳ ሌላው የሌለውን ነገር ይዞ ይመጣል።

ድርሻ ባይኖር መድረኩ ያው የሁለት ተናጋሪዎች ይሆን ነበር።

ዘዴውን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመጽሐፉ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው መምህር ሃርቪ ዳንኤልስ፣ የድርሻ ወረቀቱ ቅጽ መሙላት ብቻ እንዳይሆን ኋላ ላይ ራሱ አስጠንቅቋል። ልክ ነው። ጨዋታው ከደራ በኋላ ጠያቂው ሲተርክ፣ ቃል ፈቺው ሲሟገት ወረቀቱን ማንም አያየውም፤ መምህሩም ዝም ቢል ይሻላል።