የድምፃዊው ፔዳል፦ ጥሩ አያያዝ በምን ይታወቃል?

አንድ ድምፃዊ የድምፅ ኢፌክት ፔዳሉን አውቆ እንደሚይዘው ለማረጋገጥ ዘፈኑ እስኪያልቅ መጠበቅ ይሻላል። ዘፈኑ አልቆ «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ቃሉ ሦስት አራት ጊዜ እየተደጋገመ ከተመለሰ፣ ኤኮው ያለ ጠባቂ ተለቋል ማለት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ድምፃዊ የመጨረሻውን ስንኝ እንደለቀቀ ፔዳሉን ይረግጣል፤ የስንኙ ኤኮ በራሱ ጊዜ እየከሰመ ይሄዳል፣ ንግግሩ ግን ደረቅና ጥርት ያለ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ፔዳሎች ኢፌክቱ ሲዘጋ ጭራው ሳይቆረጥ እንዲያልቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው። እሱን ፈልጎ ያስተካከለ ሰው ሌላውንም እንዳሰበበት እገምታለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ እሆናለሁ።

ሙያው የሚጀምረው ግን ከኤኮው በፊት፣ ከፕሪአምፑ ነው። ማይክን እንደ ጊታር በቀጥታ የጊታር ፔዳል ላይ ሰክቶ ጥሩ ድምፅ መጠበቅ አይቻልም። ከ1966 ጀምሮ የዓለምን መድረክ የሞላው የሹር ኤስኤም58 ማይክ በ94 ዴሲቤል ድምፅ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ሁለት ሚሊቮልት አይሞላም፤ የጊታር ፔዳል የሚጠብቀው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኮንደንሰር ማይክ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋንተም ፓወር ካላገኘ አይሠራም። ስለዚህ ማይኩን የሚያጎላ ፕሪአምፕ መሃል መግባት አለበት። እንደ ቦስ ቪኢ-20 ያሉት ፔዳሎች ፕሪአምፑንም ኢፌክቱንም በአንድ ሣጥን ይዘው ይመጣሉ። እንደ ኢቨንታይድ ሚክሲንግሊንክና ራዲያል ቮኮ-ሎኮ ያሉት ደግሞ ኤኮም ሪቨርብም የላቸውም፤ ማይኩን አጎልተው ድምፃዊው በመረጣቸው የጊታር ፔዳሎች በኩል ያሳልፉና መልሰው ለሚክሰሩ ያስረክባሉ። ለጀማሪ የመጀመሪያው ዓይነት ይቀላል። የራሱን ድምፅ ጠንቅቆ ለሚያውቅ ግን ሁለተኛው ሰፊ መንገድ ይከፍታል።

የጌይን፣ ማለትም የፕሪአምፑ የማጉላት ልክ፣ ስህተት በቀላሉ ይለያል። ዘፋኙ ዝግ ብሎ ሲያንጎራጉር ድምፁ ያማረ ነው፤ ከፍ አድርጎ ሲጮህ ግን ይሰነጠቃል፣ እንደ ተቀደደ ስፒከር ይንኮሻኮሻል። ሳውንድማኑ ሚክሰሩን ያያል፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ቢቀንሰውም የተሰነጠቀው ድምፅ በዝቅታ ይሰነጠቃል እንጂ አይጠራም። ጉዳቱ የደረሰው እሱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ፔዳሉ ውስጥ ስለሆነ እሱ ሊያድነው አይችልም። መነሻው ሳውንድ ቼክ ላይ ነው። ብዙዎች ማይኩን ይዘው «አንድ፣ ሁለት፣ ሄሎ» ይሉና ጌይኑን በዚያ ልክ ያስተካክላሉ። ምሽት ላይ ጎርፍ የሚሆን ድምፅ በቀን ሹክሹክታ ተለክቶ አይሆንም። የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ፣ በሙሉ ጉልበት፣ ማይኩን በሚይዙበት ርቀት ይዞ መዝፈን ያስፈልጋል፤ የፔዳሉ ቀይ መብራት በዚያ ከፍታ እንኳ መብራት የለበትም።

የፔዳሉ መውጫም ይታያል። አንዳንዱ ፔዳል ድምፁን አጉልቶ በላይን ልክ ይልካል፣ ሚክሰሩ ደግሞ ማይክ ነው ብሎ እንደገና ያጎላዋል። እንዲህ በሁለት ፕሪአምፕ ተደራርቦ የመጣ ድምፅ ወይ ይሰነጠቃል ወይ በሹሹታ ይሞላል። ጠንቃቃው ድምፃዊ ከሳውንድማኑ ጋር በምን ልክ እንደሚልክ አስቀድሞ ይነጋገራል። አንድ የማይሳሳት መመዘኛም አለ፦ ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ የድምፁ ከፍታ እኩል መሆን አለበት። ጆሯችን ከፍ ያለውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ሲረገጥ ድምፁን የሚያሳድግ ፔዳል የሌለውን ውበት ያለው ያስመስላል።

ኮምፕረሰሩን በአጭሩ ላንሳው። ከፍተኛውን ድምፅ አፍኖ ዝቅተኛውን ሲያነሳ፣ በድምፃዊው ማይክ በኩል የሚገባውን የከበሮና የሞኒተር ድምፅም አብሮ ያነሳል። ስድስት ዴሲቤል የጨመረ ሰው ሞኒተሩ ከመፏጨቱ በፊት የነበረውን ርቀት በስድስት ዴሲቤል አሳጥሮታል። በኛ ቋንቋ ሌላም ዋጋ ያስከፍላል፤ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ የሚባሉት ፈንጂ ድምፆች የስንኙን አጥንት ይዘው የሚቆሙ ናቸው፣ ፈጥኖ የሚነክስ ኮምፕረሰር ጫፋቸውን ይሸርፈዋል። ቃሉ እንዳለ ሆኖ ሥጋ ብቻ ይሆናል።

ሪቨርቡን የምመዝነው በቃላት መጥበቅና መላላት ነው። «ይበላል» ሲላላ በላተኛውን፣ ሲጠብቅ የሚበላውን ነገር ይናገራል፤ ልዩነቱን ለጆሮ የሚነግረው «በ» ላይ ድምፁ ለቅጽበት ታፍኖ መቆየቱ ነው። ረዥም ሪቨርብ ያችን ቅጽበት በቀደመው ፊደል ጭራ ይሞላትና የጠበቀው የላላ ይመስላል። ግጥማችን ሰምና ወርቁን የሚያስቀምጠው በእንዲህ ዓይነት ስንጥቆች ውስጥ ነው። አድማጩ ወርቁን ካላገኘ ዘፋኙ የለፋበት ግማሹ ባክኗል። መፍትሔው ሪቨርቡን ማጥፋት አይደለም። ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ዝምታ መስጠት፣ ጭራውን ማሳጠር፣ ወፍራም ድምፁን ከሪቨርቡ ውስጥ መቀነስ ነው። አዳራሹ ራሱ የሚያስተጋባ ከሆነ ደግሞ ፔዳሉ ላይ ከነጭራሹ ባይጨመር ይሻላል። አዳራሹ ሰው ሲሞላ ማስተጋባቱ ስለሚቀንስ፣ በባዶ ወንበር የተለካው ምሽት ላይ እንደገና መዳኘት አለበት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ኤኮና ችክችካ ሲጣሉ ነው። አብዛኞቹ ፔዳሎች ከፋብሪካ ሲመጡ በአራት ለሚቆጠር ሙዚቃ ተስተካክለው ነው። ችክችካ ግን እያንዳንዱ ዋና ምት ለሦስት የሚከፈልበት ስድስት ስምንተኛ ነው። ምቱ በደቂቃ 120 ቢሆን 60,000 ለ120 ሲካፈል አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ለሦስት ሲከፈል 167 ገደማ። ኤኮው 167 ወይም 333 ላይ ከተመለሰ ከከበሮው ጋር ይጨፍራል። በ250 ወይም ብዙ ጊታሪስቶች በሚወዱት 375 ከተመለሰ ግን ከከበሮው ምት መሃል እየገባ ያደናቅፋል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ትከሻው ያውቃል፤ እስክስታው ይዝላል። ጥሩ ባለሙያ በታፕ ቁልፉ ዋናውን ምት በእግሩ ይመታና ክፍያውን በሦስት አድርጎ ይመርጣል። ዘፈኑ ወደ አራት ሲዞርም ክፍያውን ይለውጣል። ይህን ሲያደርግ ያየሁት ድምፃዊ ሁሉ ፔዳሉን ከዘፈኑ በኋላ ሳይሆን ከዘፈኑ ጋር የተለማመደ ነው።

አጃቢ ድምፅ የሚፈጥረው ሃርሞኒ ከቅኝታችን ጋር ሲጋጭ መስማትም የተለመደ ነው። የትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፔዳሉ በሜጀር ስኬል ሦስተኛ ድምፅ እንዲጨምር ከታዘዘ፣ ዘፋኙ ሬ ሲል ፋን፣ ሶል ሲል ሲን ያወጣል፤ ሁለቱም ከትዝታው ውስጥ የሉም። ቅኝቱ ይቀራል፣ የፈረንጅ መዝሙር የሚመስል ነገር ይመጣል። ስለዚህ ሃርሞኒውን ኦክታቭ ላይ የገደበ፣ ወይም ድምፁን በጥቂት ሚሊሰከንድ አዘግይቶ ብቻ የደረበ ድምፃዊ ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል። ማሲንቆው አዝማሪውን ተከትሎ ዜማውን ሲደግምለት የኖረ በመሆኑ፣ ድርቡ ለጆሯችን ባዳ አይደለም። የድምፅ ማረሚያውም እንዲሁ ነው፦ ፈጥኖ የሚያርም ከሆነ ቅላጼው ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተቱን ትቶ እንደ ደረጃ ይዘላል። በአንቺሆዬ የሚዘፍን ሰው ማረሚያውን ቢያጠፋው እመርጣለሁ።

ኪቦርድ እየተጫወተ ብቻውን ሰርግ የሚሠራ ድምፃዊ፣ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ብዙውን ጊዜ ሳውንድማን የለውም፤ ፔዳሉ ሳውንድማኑ ነው። ለእሱ ከሁሉ የሚበልጠው የኢፌክቱ ብዛት አይደለም። ኤኮውን በአንድ ርግጫ የሚያጠፋ ቁልፍ፣ ሳይጎነበስ የሚነበብ ስክሪን፣ ሁለት ሦስት በደንብ የተለማመዳቸው ማስተካከያዎች ይበቁታል። ከአሜሪካ በስጦታ የመጣ ፔዳል ከሆነ አዳፕተሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግዴታ ነው፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በኛ 220 ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ይሠራል። ዲጂታል ፔዳል መብራት ለቅጽበት ቢቋረጥ እንደገና ለመነሳት ሰከንዶች ይፈጅበታል፣ ብዙዎቹም በዚያ ጊዜ ማይኩን ዝም ያሰኙታል። ወደ ጄኔሬተር በሚዞር መድረክ ላይ የሚሠራ ጠንቃቃ ሰው ማይኩን ያለ ፔዳሉ ከሚክሰሩ የሚያገናኝ ትርፍ ገመድ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል፤ ሚክሰሩ ላይም ለዚያ ገመድ የተለካ አንድ ቻናል አስቀድሞ ያስይዛል።