ለቡናችን ስም የቆመ መሥሪያ ቤት
አንድም ችግኝ ሳይተክል ለቡናችን ትልቅ ውለታ የዋለ መሥሪያ ቤት አለ፤ በፊት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይባል የነበረው። እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ድረስ አመለከተ። የዚያው አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ የቡና ኩባንያው ስታርባክስም የቡናውን ምንጭ የሚያረጋግጥ የምስክርነት ምልክት ይሻላል አለ። ለጽሕፈት ቤቱ ግን ይህ አልተዋጠለትም። በየጓሮው ቡና የሚለቅመውን ስፍር ቁጥር የሌለውን ገበሬ እየተከታተሉ መመስከር በማን አቅም? እኔን የሚደንቀኝ ይህ ማስተዋል ነው። ለስሙም ገንዘብ አልጠየቀም፤ ፈቃዱን በነጻ እየሰጠ ገዢዎችን አስፈረመ። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ብልሃት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ አላየንም። እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስም ፈረመ። ገበሬው እጅ የሚገባው ብር ዛሬም ከዝናው ጋር አይመጣጠንም፤ ስሙን በማስከበር ረገድ ግን ጽሕፈት ቤቱ የሚመሰገን ሥራ ሠርቷል።