የተሸነፈውን ቡድን አትበትኑት

ከአዲስ ዘመን ማዶ ባለ ትምህርት ቤት በቅርቡ የተመደበች የስፖርት መምህርት፣ የሴቶች ቡድን እንድትይዝ መታዘዟን ነግራኝ፣ ዘንድሮ ዋንጫ ለማምጣት በመስከረም ከምን ልጀምር ስትል ጠየቀችኝ። ለዘንድሮ ዋንጫ ዘንድሮ በመስከረም የሚሠራ ሥራ የለም አልኳት። ቅር ያላት መሰለኝ። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስላት።

ደብረ ታቦር አካባቢ የሚያሠለጥን የሥራ ባልደረባ አለኝ። ጎበዝ ሰው ነው፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ተስማምተን አናውቅም። እሱ በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ምርጫ ይጠራል። አምና የተጫወተችውም፣ ትናንት ከገጠር የመጣችውም እኩል ተሰልፈው ይሮጣሉ፤ የቀደሙት ማሊያ ይለብሳሉ። «አሮጌ ስም አይሠራም» ይላል። ጉና ሥር ዳገት ስትወጣና ስትወርድ ያደገች ልጅ ትንፋሿ መቼም አይጠየቅም፣ ስለዚህ የሱ ቡድን በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ያስፈራል። እኔ ግን በማሠለጥንበት በይፋግ ምርጫ አልጠራም። አምና የተሸነፉትን በሙሉ ጠርቼ፣ አዲሶቹን በላያቸው እጨምራለሁ። ሰነፍ የሚለኝ በዚህ ነው።

ክርክሩን የቋጨልኝ የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ኬንያ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የሴካፋ ዞን የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ ፍጻሜ ደርሶ በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ከዚያ ፍጻሜ ሳይደርስ የቀረበት ዓመት መጣ። በ2015 ነሐሴ ኡጋንዳ ላይ እንደገና ፍጻሜ ደረሰ፤ ያኔ ደግሞ የታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በፍጹም ቅጣት ምት ዋንጫውን ወሰደበት። ሁለት ጊዜ በር ላይ ደርሶ የተመለሰ ቡድን ነው እንግዲህ። አገራችን ላይ እንዲህ ያለ ቡድን ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን፤ አሠልጣኙ ይሰናበታል፣ ተጫዋቾቹ «አልቻሉም» ይባላሉ፣ በመስከረም አዲስ ፊት ይመጣል። አሠልጣኝ ብርሃኑ ግዛው ግን ሥራውን ቀጠለ። በ2016 ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ ቡድኑ ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን 1 ለ 0 አሸንፎ ወደ አፍሪካው ውድድር አለፈ።

ስለዚያ ዓመት ሲወራ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ። ሎዛ አበራ አልነበረችም። ከዱራሜ ተነስታ በሐዋሳ፣ በደደቢት፣ ማልታ ድረስ ሄዳ በቢርኪርካራ ጎል ስታዘንብ የኖረችው ሎዛ በዚያው ክረምት ወደ አሜሪካ ተሻግራ ነበር። ኮከቧ በነበረችበት ዓመት ያልመጣው ዋንጫ ኮከቧ በሌለችበት መጣ። ሎዛን ለማሳነስ አይደለም፤ እንደሷ ያለች አጥቂ አገሪቱ ቶሎ አታገኝም። የምለው ሌላ ነው፦ ለዓመታት አብረው የተሸነፉ ተጫዋቾች አንዷ ስትጎድል ጉድለቷን ለመሸፈን የሚያስችል ነገር በመካከላቸው ያጠራቅማሉ። የልምምድ ሜዳቸውን ገብቼ አላየሁም፤ ከውጭ ሆኜ ነው የምፈርደው። ግን እፈርዳለሁ።

ባልደረባዬ በዚህ ጊዜ ፋሲል ከነማን ይመዝብኛል። አፄዎቹ በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን በመጨረሻው ቀን ለመቐለ 70 እንደርታ አስረክበው፣ በ2013 በሥዩም ከበደ እጅ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሡ፤ «አየሽ፣ አሠልጣኝ ቀይረው ነው» ይለኛል። እውነት ነው፣ አሠልጣኙ ሌላ ነበር። ነገር ግን በረኛው ሳማኬ ሌላ ነበር? አምበሉ ያሬድ ባየህስ? የኋላው መስመር ያንን የመጨረሻ ቀን የቀመሰ ነበር። አሠልጣኝ ይቀየር ካላችሁ ይቀየር፤ እኔንም ቢሆን። ሽንፈቱን የሚያስታውሱትን እግሮች ግን አትበትኑ።

ይህን ስል «ቡድን ቤተሰብ ነው» የሚለውን የመድረክ ንግግር ማምጣቴ አይደለም። የምናገረው ስለ ሙያ ነው። የኛ በረኛ ወደ ቀኟ ስትወረወር ትዘገያለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው፣ ልምምድ አልፈታውም። የመሐል ተከላካያችን ይህን ስለምታውቅ አጥቂዋን ሁልጊዜ ወደ ሌላኛው ጎን ትገፋታለች። እኔ አላዘዝኳትም። በቀኟ በኩል ጎል ሲገባባቸው ሁለቱም እዚያው ቆመው ስላዩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በረኛዋ «ወጣሁ!» ብላ ስትጮህ ሁለቱ ይጋጩና ኳሱ በመካከላቸው ሾልኮ ይገባ ነበር። ዛሬ ተከላካይዋ ዞር ሳትል አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፣ ኳሱ በላይዋ ያልፋል። ይህን በመስከረም የሩጫ ምርጫ የምታገኝ አሠልጣኝ ካለች ትምጣና ታስተምረኝ። የባልደረባዬ ፈጣን ልጆች በማዕዘን ምት ጊዜ እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ፤ ማን ማንን እንደሚይዝ ሳይነጋገሩ ኳሱ መረብ ውስጥ ነው።

ሌላም አለ። የኛ ሜዳ የፎገራ ዋልካ ነው። በክረምት እግር ይውጣል፤ ከጥቅምት ወዲያ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቅና ኳስ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። ሩዝ በሚዘራበት አገር ሳር ሜዳ ጠይቆ ማን ይሰጥሻል? ታኬታ ያላት ተበድራ ነው፤ ሌላዋ በኮንጎ ጫማ ትለማመዳለች። በእንዲህ ያለ ሜዳ የመሬቱን ጠባይ የለመደ እግር ወርቅ ነው፣ እሱም በሳምንታት አይመጣም።

ስለዚህ መምህርቷ ካሰበችው ውጭ የሆነው መልሴ ይሄ ነው፦ ዋናው ሥራሽ ሜዳ ላይ አይደለም። አምና የነበሩት ዘንድሮም እንዲኖሩ ማድረግ ነው። የወንዶች አሠልጣኝ ይህን አያውቀውም፤ ወንዱ ልጅ ቢርቅ ባሕር ዳር ነው፣ ለበዓል ሲመጣም ይጫወታል። ሴቷ ግን በውኃ መቅዳት፣ በታናናሾቿ፣ በአረብ አገር ጉዞ ወሬ፣ ከሁሉም በላይ በጥር ታመልጥሻለች። ጥር የሠርግ ወር ነው። እህሉ ገብቷል፣ ሩዙ ተወቅቷል፣ ሽማግሌ ይንቀሳቀሳል። የግራ ክንፏን በጥር ያጣች አሠልጣኝ በሚያዝያ የትኛውንም ያህል ብትጮህ ዋጋ የለውም።

እኔ በታኅሣሥ ልምምድ ቀንሼ ቡና እጠጣለሁ። በየቤቱ እዞራለሁ። አንድ አባት፣ በይፋግ ገበያ የታወቁ እህል ነጋዴ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ «አስተማሪዋ፣ ኳሱ ምን ይከፍላታል?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። ዝም አሉ። «እንግዲህ ከምትዋሺኝ ይሻላል» አሉና ሳቁ። ልጅቷ ያን ዓመት ቀረችልኝ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ክርክር አሸንፌ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። አሁንም ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «ዛሬስ መክፈል ጀመረ?» ይሉኛል።

ይህን ያህል ግትር የሆንኩት ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ ልንገረው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ተጫውቻለሁ፤ መሐል ሜዳ። ተሸነፍን፣ በሰፊ ጎል። በሳምንቱ ማሊያው ተሰብስቦ ለወንዶቹ ተሰጠ፤ ምክንያት የነገረን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠራንም። ያበሳጨኝ ሽንፈቱ አልነበረም፤ የት ላይ እንደተሳሳትን አውቄ ነበር፣ መሐሉን ለቀን ሁላችንም ወደ ኳሱ መሮጣችን ነበር። የሚቀጥለውን ጨዋታ ብንጫወት ቦታዬን ይዤ እንደምቆም ለራሴ ነግሬ ነበር። የሚቀጥለው ጨዋታ አልመጣም። አሠልጣኝ የሆንኩት ቦታን ይዞ መቆም ለማስተማር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሚቀጥለው ጨዋታ አለመምጣት በአገር ደረጃም ያው ነው። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ በ1997 ዓ.ም. መግቢያ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከአፍሪካ አራተኛ ወጥተው ነበር። ወደዚያ መድረክ የተመለሱት በ2005 ነው።

ንግድ ባንክም ባለፈበት የአፍሪካ ውድድር፣ ሞሮኮ ላይ፣ ከምድቡ አላለፈም። ከኤዶ ኩዊንስ፣ ከማሜሎዲ ሰንዳውንስና ከግብጹ ማሳር ጋር ተመድቦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ባልደረባዬ ይህንን እየጠቀሰ ይስቅብኛል። ለኔ ግን ያ ቡድን ከሞሮኮ ይዞት የመጣው ሽንፈት ካልበተኑት ሀብት ነው።

የወረዳና የዞን ውድድር ለምታዘጋጁ አንድ ልመና አለኝ። የሴቶቹን ውድድር በሰኔ ፈተና ሰሞን አታድርጉት፤ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉት አይመጡም፣ ሜዳውም ጭቃ ሊሆን ነው። የካቲት ላይ አድርጉት። ሜዳው ደረቅ ነው፣ አዝመራው ገብቷል፣ ጥርም የልምምድ ወር ይሆናል። በጥር ልጅቷን ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ «ከየካቲቱ ጨዋታ በኋላ እንነጋገር» ቢባል የሚቀየም አይመስለኝም።