የሕክምና ማስረጃ እንዴት ይመዘናል?

ጥሩ የሕክምና መመሪያ ሁለት ፍርዶችን ለያይቶ ያስቀምጣል፤ ማስረጃው ምን ያህል እንደሚታመን፣ ምክሩም ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት ግሬድ የተሰኘው ሥርዓት ማስረጃን ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛና እጅግ ዝቅተኛ ይለዋል። ምክርን ደግሞ ጠንካራ ወይም እንደ ሁኔታው የሚወሰን ብሎ ይለያል።

ታካሚዎች በዕጣ የተመደቡበት ሙከራ ከከፍተኛው ደረጃ ይነሣል፤ በክትትል ብቻ የተሠራ ጥናት ከዝቅተኛው። ደረጃው ግን እዚያው አይረጋም። የአሠራር ጉድለት፣ የውጤቶች አለመስማማት፣ የተሳታፊዎች ማነስ፣ ሳይታተሙ የቀሩ ጥናቶች ያወርዱታል። ጥቅሙ እጅግ ጎልቶ የታየ እንደሆነ የክትትል ጥናትም ከፍ ሊል ይችላል።

በቀላሉ የሚታለፈው ሌላው የማውረጃ ምክንያት ማስረጃው የተገኘው ከሌላ ዓይነት ታካሚ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የእስያ ሙከራ በከባድ ወባ ከታመሙ 1,461 ሰዎች መካከል አርቴሱኔት ከተሰጣቸው 15 በመቶ፣ ኩዊኒን ከተሰጣቸው 22 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። ሙከራው በደንብ የተሠራ ነበር። ሆኖም ታካሚዎቹ በአብዛኛው አዋቂዎች ነበሩ፤ በወባ በብዛት የሚሞቱት ደግሞ የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናት የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት ወጣ፦ አርቴሱኔት ከተሰጣቸው 8.5 በመቶ፣ ኩዊኒን ከተሰጣቸው 10.9 በመቶ ሞቱ። አርቴሱኔት አሁንም በለጠ፤ ልዩነቱ ግን ጠበበ። የእስያውን ቁጥር እንዳለ ለሕፃናቱ የወሰደ ሰው ጥቅሙን አጋንኖ ባየው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአፍሪካ ሕፃናትም አርቴሱኔትን ከኩዊኒን ያስቀደመው ከዚህ ሙከራ በኋላ ነው፤ ትክክለኛ ትዕግሥት ነበር።

የተለካው ነገርም መታየት አለበት። በድንገተኛ የልብ ሕመም ከተጠቁ በኋላ የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች ይታዘዙ የነበሩ መድኃኒቶች ምቱን ያረጋጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ የሆነው የአሜሪካ ሙከራ ግን ከእነዚህ ሁለቱ፣ ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ፣ ሞትን እንደሚያበዙ አረጋገጠ። መመዘን የነበረበት ሞቱ ነው እንጂ በማሽን የሚታየው ምት አልነበረም።

የምክሩ ጥንካሬ ከማስረጃው ደረጃ ሌላ የጥቅምና የጉዳቱን ሚዛን፣ የታካሚውን ፍላጎትና ወጪውን ያገናዝባል። ስለዚህ ደካማ ማስረጃ ይዞ ጠንካራ ምክር መስጠት አንዳንዴ ይቻላል፤ ያን ጊዜ መመሪያው ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ አለበት። እንደ ሁኔታው የሚወሰን ምክር ሲሆን ደግሞ ሐኪሙ አማራጮቹን ለታካሚው አስረድቶ አብሮት ይወስናል።