ሕመምን የማስነገር ሙያ

ለወራት የማይለቅ ከባድ ሕመም መጠኑ በደም ምርመራ አይለካም፤ ራጅም አያሳየውም። ሐኪሙ በእጁ ያለው ዋና መረጃ ታካሚው የሚነግረው ነው። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ትርጓሜውን ሲያሻሽል፣ ሰው ያመኛል ካለ ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ አስፍሯል። በአፍ መናገር ሕመም ከሚገለጥባቸው መንገዶች አንዱ ብቻ መሆኑንም አክሏል። ድሬዳዋ ውስጥ ለሚሠራ ሐኪም ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነው።

ከቀፊራ ገበያ የመጡ እናት እንዴት እንደሰነበቱ ሲጠየቁ መልሳቸው «አልሐምዱሊላህ» ነው፤ ክርስቲያኗ ጎረቤታቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ይህን ሰምቶ ካርዱ ላይ «ደህና ናቸው» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ገና ምንም አልጠየቀም። መጠየቅ ያለበት ሕመሙ ያስቀረባቸውን ነገር ነው፦ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቅሳቸው፣ ለሶላት መስገድ ይችሉ እንደሆነ፣ ከባጃጅ ሲወርዱ ሰው ይደግፋቸው እንደሆነ፣ ሸቀጣቸውን ዘርግተው እስከ ስንት ሰዓት መቀመጥ እንደሚችሉ። ከዜሮ እስከ ዐሥር ቁጥር የሚያስጠራው መለኪያ ካለፈው ቀጠሮ ጋር ለማነጻጸር ይበጃል፤ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም።

ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ የሚናገር ታካሚ ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው በልጁ ነው። እናት ልጇን ላለማስጨነቅ ሕመሟን ታሳንሳለች፤ ልጅም ያፈረበትን ነገር ይዘላል። ቋንቋውን የምትችል ነርስ ካለች፣ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ቢሆን ብትጠራ ይሻላል።

ሕመሙ ምን ዓይነት እንደሆነም መድኃኒቱን ይወስናል። የሚለበልብ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ወይም ከመደንዘዝ ጋር የሚመጣ ሕመም ብዙውን ጊዜ የነርቭ ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ እግርና አልማዝ ባለጭራ የተወው ሕመም እንዲህ ናቸው። ለዚህ ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ እምብዛም አይረዱም፤ ከሚታዘዙት አንዱ አሚትሪፕቲሊን ነው። መድኃኒቱ ለድብርትም እንደሚሰጥ፣ እዚህ ግን የታዘዘው ለነርቭ እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ ታካሚው ከሌላ ሰው ሲሰማ «የአእምሮ ሕመምተኛ አደረጉኝ» ብሎ ይተወዋል።

አስቸጋሪው ግን የሚደበቀው ነው። ወጌሻ ዘንድ መታሸት፣ ዋግምት፣ ያለ ማዘዣ የተገዛ ትራማዶል፣ ጫት፤ እነዚህ የሚሸሸጉት ቁጣን ፈርቶ ነው። «ጫት ትቅማለህ?» የሚለው ጥያቄ እንደ ክስ ስለሚሰማ መልሱ «አልፎ አልፎ» ይሆናል። በርጫ የዕለት ልማድ በሆነበት ከተማ ይህ መልስ ማንንም አይጠቅምም። ሕመሙ ሲብስበት ምን እንደሚያደርግ፣ በስንት ሰዓት እንደሚቅም፣ በምርቃናና ከዚያ በኋላ ሕመሙ እንዴት እንደሚሆን የሚጠየቅ ሰው ግን ይናገራል። የመናገሩ ጥቅምም የሕክምና ነው። ጫት ድካምንና ረሃብን ይሸፍናል፣ እንቅልፍን ይነሳል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ሰው ዳይክሎፌናክን በባዶ ሆዱ ይውጣል፤ ጨጓራው ይቆስላል፣ መድኃኒቱ ራሱም ግፊትን ሊጨምርና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የተደበቀ ትራማዶል ደግሞ ከዚህ የባሰ መዘዝ አለው፦ ሐኪሙ ሳያውቅ አሚትሪፕቲሊን ቢያዝ፣ ሁለቱ ተደምረው የሚጥል ሕመም ሊያስነሱ ይችላሉ። ይህን ምክንያት አስቀድሞ መንገር፣ አሥር ጊዜ «እውነቱን ንገረኝ» ከማለት ይበልጣል።

ግልጽነት ከሐኪሙም ይጠበቃል። ብዙ የቆየ ሕመም ጨርሶ አይጠፋም። ግቡ እንቅልፍና ሥራ መመለስ መሆኑ በመጀመሪያው ቀን ካልተነገረ፣ ታካሚው በየክሊኒኩ አዲስ መርፌ ፍለጋ ይዞራል።

ይኸው ግልጽነት ስለ ሞርፊን ሲወራም ያስፈልጋል። ለካንሰር ሕመም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የደረጃ መሰላል ላይ ሞርፊን በላይኛው እርከን ይገኛል፤ አገራችንም ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በማስታገሻ ሕክምና ዘርፍ ይሠራል። ሆኖም የሞርፊን ስም ሲነሳ ቤተሰብ «አለቀላቸው ማለት ነው» ብሎ ይደነግጣል። በልኩ የተሰጠ ሞርፊን ሞትን እንደማያፋጥን፣ ሆድ ማድረቁ ግን እንደማይቀርና የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንደሚታዘዝ በግልጽ መነገር አለበት። ካንሰር ለሌለበት የወገብ ሕመም ሞርፊን ለምን እንደማይቸኮልበትም፣ ልማድ የመሆን አደጋውን ጠቅሶ ማስረዳት የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ ዝም ብሎ መከልከል ታካሚው እንዳልታመነ ያስመስለዋል።

በተመላላሽ ክፍል ታካሚው በቀጣዩ ቀጠሮ ሌላ ሐኪም ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቃ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ በጎን ምን እንደሚወስድ ካርዱ ላይ በራሱ አባባል ይጻፋል።