ለሳይንቲስቷ ሥራ ስጧት

አንዲት የቆቦ ልጅ የመጀመሪያ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ድርሰቷን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ሳይንቲስቷ ምን ሐዘን ይኑራት?» አለችኝ። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ቀድሞ «ልጇን ግደይባት፤ ያለዚያ ተመልካች አያዝንላትም» ብሏት ኖሯል።

በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። «ግራቪቲ» (እ.ኤ.አ. 2013) ላይ ዶክተር ራያን ስቶን ልጇ ሞታባታለች። «አራይቫል» (2016) ላይም የቋንቋ ምሁሯን ሉዊዝ ባንክስን የልጇ ሞት ይከተላታል። «ኮንታክት» (1997) ላይ ኤሊ አሮዌይ አባቷን በልጅነቷ አጥታለች። ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን ወንዱ ሲመራመር ምክንያቱን የሚጠይቀው የለም፤ ሴቷ ስለምን ለቅሶ መቀመጥ አለባት?

«ጁራሲክ ፓርክ»ን (1993) እዩ። የጥንት ዕፅዋት ተመራማሪዋ ኤሊ ሳትለር፣ የታመመችው ትራይሴራቶፕስ ምን እንደበላች ለማወቅ ረጅም ጓንት አጥልቃ የፋንድያ ክምር ትበረብራለች። ማን እንደሆነች የገባን እዚያ ላይ ነው።

ለልጅቷ «አቀንጭራን ጻፊ» አልኳት። የራያ ቆላ ሰው ከዚህ የባሰ ባዕድ ፍጡር ከየት ያመጣል? የዚህ ጥገኛ አረም ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊተኛ ይችላል። የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ይነቃል፣ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠምጣል። አቀንጭራው ከመሬት ብቅ ሲል ማሽላው ከተጎዳ ቆይቷል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና ይህንኑ ጠላት የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው።

እንግዲህ ሴቷን ማሳ ውስጥ አንበርክኪያት። ማሽላውን ከነሥሩ ቆፍራ ታውጣ፣ አፈሩን በውሃ ትጠብ፣ የተጣበቀውን ቡቃያ በአጉሊ መነጽር ትፈልግ። ካሜራው እጇ ላይ ይቆይ። አዘጋጁ «ረዘመ» ቢል እሺ እንዳትይው።

እናቴ ደገሊት የሚባለውን ማሽላ ለዘር ስትመርጥ እያየሁ ነው ያደግኩት። የወደደችውን ራስ ለይታ፣ ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ትሰቅለው ነበር። «ለምን ይሄኛውን?» ስላት ፍሬውን መዳፏ ላይ አሽታ ታሳየኛለች። ለእኔ ምርምር ያ ነው። ድርሰት የጀመርኩትም እንዲህ ያለችዋን ሴት ፊልም ላይ ስላጣኋት ነው።

ሴት ሳይንቲስት አላጣንም። የፍኖተ ሰላም ተወላጇ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በዕፅዋት በሽታ ምርምራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያል-ዩኔስኮን ሽልማት ወስደዋል። የምትጽፉ ልጆች፣ ገጸ ባሕርይዋን ከማስለቀሳችሁ በፊት ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሂዱ፤ ተመራማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠሩ አይታችሁ ጻፉ።