«መረብ»፣ «በይነ መረብ»፣ «ድረ ገጽ»፦ የሦስት ስያሜዎች ሒስ

ለኮምፒዩተር ግንኙነት ከወጡት የአማርኛ ስያሜዎች መካከል በጽሑፍ ጸንተው የምናገኛቸው እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የምንመረምረውም የተለያዩ ፅንሰ ሐሳቦችን ለይተው ማሳየት መቻል አለመቻላቸውን ነው። ለመፈተኛነት የመረጥነው ስፍራ በጋምቤላ ክልል፣ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኘው ኢታንግ ናት። በዚያ አኝዋክ፣ ኑዌርና ኦፖ ይኖራሉ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ ስያሜው አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለተማረ አንባቢም ግልጽ ሊሆን ይገባል።

«መረብ» በዚህ ረገድ የተሳካ ቃል ነው። በባሮ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው መረብ በቋጠሮ የተያያዘ ክር መሆኑን ያውቃል፤ ኮምፒዩተሩ ቋጠሮ፣ መገናኛው መስመር ክር ነው ቢሉት አይቸገርም። ምሳሌው የሚጎድለው በአንድ ነገር ነው፤ የዓሣ መረብ የገባውን ይይዛል፣ የኮምፒዩተር መረብ ግን የተቀበለውን ያሳልፋል። መልእክቱ በትናንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል የመድረሻውን አድራሻ ይዞ ከቋጠሮ ወደ ቋጠሮ ያልፍና በመጨረሻ ከሌሎቹ ጋር ይገጣጠማል። ይህ ልዩነት በመዝገበ ቃላት ፍች ውስጥ ሊሰፍር ይገባዋል እንጂ ቃሉን የሚያስጥል አይደለም።

«በይነ መረብ» ደግሞ ከግእዙ «በይነ» የመካከልነትን ትርጉም ስለሚወስድ፣ መረቦችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ታላቅ መረብ በትክክል ይሰይማል። ስሕተቱ ያለው በአጠቃቀሙ ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎች ከድሩ ጋር አንድ ያደርጉታል። ሁለቱ በዘመን እንኳ ይለያያሉ። የአርፓኔት መረብ ዛሬም የሚሠራበትን የጋራ ደንብ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ ቲም በርነርስ ሊ የድሩን ሐሳብ በሰርን ያቀረበው በ1989 ነው። ድሩ በበይነ መረብ ላይ ከሚሠሩት አገልግሎቶች አንዱ ብቻ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ከድሩ በፊትም ይላክ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው «ድረ ገጽ» ነው። በግእዝ የዘርፍ አሰካክ ባለቤቱ ይቀድማል፤ «ቤተ መጻሕፍት» የመጻሕፍት ቤት እንደሆነ ሁሉ «ድረ ገጽ» የገጽ ድር እንጂ የድር ገጽ አይሆንም። ዛሬ ግን አንዱን ገጽም፣ ገጾቹን የያዘውን ስብስብም በዚሁ ቃል እንጠራለን።

ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። አንድ የኢታንግ ጸሐፊ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ወደ ጋምቤላ ከተማ ቢያመለክት፣ የጠፋው የስልኩ ሞገድ ይሁን፣ የመሥሪያ ቤቱ መረብ፣ ወደ ውጭ የሚያገናኘው መስመር ወይስ አንዱ ድረ ገጽ ብቻ፣ ባለሙያው ከደብዳቤው ሊረዳ አይችልም። መንገድ የሚነሣውም ምን መሣሪያ እንደሚያስፈልገው ሳያውቅ ነው።

ስለዚህ «መረብ» ለማናቸውም የኮምፒዩተር ትስስር፣ «በይነ መረብ» ለመረቦች መረብ፣ «ድር» ለአገልግሎቱ፣ «ድረ ገጽ» ለገጾች ስብስብ፣ «ገጸ ድር» ለአንዱ ገጽ እንዲወሰኑ እናሳስባለን። ተርጓሚዎችም አንዱን በሌላው ቦታ ባይተኩ፣ ቃላቱ ያለ ተጨማሪ ፈጠራ ሥራቸውን ለመሥራት ይበቃሉ።